ከፍ ያለ ደመወዝ እየከፈልኩ ለምን ይለቁብኛል? ስለ ወጣት ፊሊፒናውያን ሠራተኞች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ዳላስ ውስጥ አነስተኛ የጭነት መኪና ድርጅት አለኝ። ጭነት የሚያፈላልጉና ከሹፌሮቹ ጋር የሚገናኙ ሦስት ወጣት ዲስፓቸሮችን ከፊሊፒንስ፣ ከሴቡ ከተማ፣ በኢንተርኔት ቀጥሬ ነበር። ለእያንዳንዳቸው በወር 700 ዶላር እከፍላለሁ፤ እዚያ ካለው ክፍያ ይበልጣል ብለውኛል። ሆኖም በሰባት ወር ውስጥ ሁለቱ ለቀቁ። አንደኛው ‹የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኛል› አለ። ሁለተኛዋ አንድ ቀን ሳትገባ ቀረች፤ በኋላ በ28,000 ፔሶ ደመወዝ የጥሪ ማዕከል መግባቷን ሰማሁ። ሥራቸውን ለመከታተል የኮምፒውተራቸውን ገጽ በየጥቂት ደቂቃው ፎቶ የሚያነሣ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ስሕተት ሲሠሩ ሁሉም እንዲማርበት በጋራ የመልእክት መስመራችን ላይ በግልጽ እናገራለሁ እንጂ ያለ ምክንያት አልቆጣም። እነዚህ ልጆች ከአሠሪ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

ጠያቂያችን፣ ከጻፉት ሁሉ ትልቁን ፍንጭ የያዘው የሁለተኛዋ ልጅ ነገር ነው። ትታ የሄደችው ወደ አነሰ ደመወዝ ይመስላል። ነገር ግን የሴቡ ወጣት ሥራ ስትመርጥ ብቻዋን አትመርጥም፤ እናት አለች፣ የምትማር ታናሽ እህት አለች፣ ባሕር ማዶ ሆና በስልክ የምትመክር አክስት አለች። የእርስዎ 700 ዶላርም የተመዘነው በዚያ ቤት ማዕድ ላይ ነው። እስቲ እኛም እንመዝነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።)

700 ዶላር ወደ 40,000 ፔሶ ይጠጋል። እርስዎ የሚከፍሉት በኮንትራት ለሚሠራ ግለሰብ ስለሆነ መዋጮው በሙሉ በልጅቷ ጫንቃ ላይ ነው። ኤስ ኤስ ኤስ የሚባለው የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት ከ2025 ጀምሮ 15 በመቶ ይጠይቃል፤ መዋጮው የሚሰላበት ጣሪያ 35,000 ፔሶ ነውና 5,250 ፔሶ ይሆናል። ለመንግሥት የጤና መድን፣ ለፊልሄልዝ፣ 5 በመቶ ሲታሰብ 2,000 ፔሶ ነው። ግብሩን በቀላሉ መንገድ፣ ማለትም ከ250,000 ፔሶ በላይ ባለው ዓመታዊ ገቢ ላይ 8 በመቶ እየታሰበ፣ ብትከፍል በወር 1,500 ገደማ ይወጣል። በእጇ የሚቀረው 31,200 ፔሶ አካባቢ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጥሪ ማዕከሉ 28,000 ፔሶ እንሂድ። የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ 10 በመቶ ጭማሪ እንዲከፈል ያዝዛል። በአሜሪካ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ በወር ወደ 2,400 ፔሶ ያመጣል። ከ1975 ጀምሮ በአዋጅ የተደነገገ 13ኛ ወር ደመወዝም አለ፤ ለ12 ወር ሲካፈል 2,300 ይደርሳል። ከኤስ ኤስ ኤሱ 15 በመቶ ውስጥ 10ሩን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ከፊልሄልዙም ግማሹን። ከልጅቷ ደመወዝ ለመዋጮ የሚቆረጠው ፓግ-ኢቢግ የሚባለውን የቤት ቁጠባ ጨምሮ 2,300 ፔሶ፣ ለግብር ደግሞ 1,100 ገደማ ነው። በእጇ የሚገባው 29,300 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በእርስዎና በጥሪ ማዕከሉ መካከል ያለው ልዩነት 1,900 ፔሶ ገደማ፣ በዶላር ከ30 ትንሽ ቢያልፍ ነው። የጤና ካርዱ ገና አልተቆጠረም።

እርግጥ ብዙዎቹ በኮንትራት ሲሠሩ መዋጮውን አይከፍሉም፤ 40,000ውን ሙሉ በሙሉ ይይዛሉ። ለጊዜው ደስ ይላል። ችግሩ የሚታየው ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ሲታመም፣ ወይም ከኤስ ኤስ ኤስ ብድር ለመጠየቅ ሲሄዱ ነው። የደመወዝ ብድር ለማግኘት ቢያንስ የ36 ወር መዋጮ መታየት አለበት። ባንክ ብድር ሲጠየቅ፣ አከራይ ቤት ሲያከራይ፣ ኤምባሲ ቪዛ ሲሰጥ «የሥራ ማስረጃሽ የት አለ?» ይላሉ። እናትየውም ያንኑ ትጠይቃለች፦ «አሠሪሽ ማነው? ቢሮው የት ነው?» ልጅቷ በስልኳ የእርስዎን ስም ከማሳየት በቀር መልስ የላትም።

ስለ ጤና ካርዱ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የውጭ አሠሪዎች ክብደቱን የማይረዱት ነገር ይህ ነውና። ፊልሄልዝ ከሆስፒታል ሂሳብ የተወሰነውን ብቻ ይሸፍናል። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ይታወቃል፤ የግሉ ደግሞ ለማስተኛት ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ ደህና ድርጅት ለሠራተኛው ኤችኤምኦ የሚሉትን የግል የጤና ካርድ ይገዛለታል። ካርዱን ይዞ የግል ሆስፒታል ይገባል፤ እስከ ተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከኪሱ ሳያወጣ ይታከማል። በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «የጤና ካርድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» የሚለው ሐረግ ከደመወዙ እኩል ጎልቶ ይጻፋል። ቃለ መጠይቅ ላይ እጩዎቹ ቀስ ብለው የሚያነሡት ጥያቄም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ስንት ጥገኛ ማስመዝገብ እችላለሁ? እናቴ ትገባለች? የዕድሜ ገደቡ ስንት ነው? ላላገባ ሠራተኛ ጥገኛ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አባትና እናት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ካርዱ አይቀበላቸውም። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ስድሳ ዓመት ሰው የጤና ሽፋን በዝርዝር ሲጠይቅ ከሰሙ የቤቱ ወጪ በማን ላይ እንዳለ ወዲያው ይገባዎታል። ከ2017 ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ በሕግ ቀርቷል፤ የታናናሾቹ ኪራይ፣ መጓጓዣና ላፕቶፕ ግን አሁንም የታላቁ ልጅ ዕዳ ነው።

ሌላው ጉዳይ የጊዜ ነው። ሁለቱ የለቀቁት በሰባት ወር ውስጥ መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። በፊሊፒንስ ሕግ የሙከራ ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ሥራውን የቀጠለ ሰው ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ በሕግ ከተዘረዘረ ምክንያት ውጭ አይሰናበትም። አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ለማምለጥ ሰዉን በአምስት ወር ኮንትራት እየቀጠሩ ስድስተኛው ወር ሳይደርስ ሲያሰናብቱ ኖረዋል። «ኤንዶ» ይሉታል፤ በገበያ ማዕከል፣ በፈጣን ምግብ ቤትና በፋብሪካ የሠራ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱተርቴ በ2016 የምርጫ ዘመቻቸው ላይ ይህን አስቀራለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። በሜይ 1 ቀን 2018 ትእዛዝ ፈረሙ፤ በ2019 ምክር ቤቶቹ ያጸደቁትን ጠንከር ያለ ሕግ ግን ራሳቸው ውድቅ አደረጉት። የዛሬ ወጣቶች አባትና እናታቸው በየአምስት ወሩ አዲስ የፖሊስ ማጣሪያና የጤና ምርመራ ወረቀት ለማውጣት ሲሰለፉ እያዩ ያደጉ ናቸው።

ስለዚህ ስድስተኛው ወር ለእነርሱ ትልቅ ቀን ነው። ከአለቃ ደብዳቤ ይጠበቃል፦ አልፈሃል፣ ቋሚ ሆነሃል፣ ደመወዝህም ይህን ያህል ሆኗል። በእርስዎ ዘንድ ስድስተኛው ወር እንደ አምስተኛው ዝም ብሎ አለፈ። እርስዎ ሥራው እስካለ ድረስ ይቀጥላሉ ብለው አስበው ይሆናል፤ ያንን ግን ማን ነገራቸው? በውጭ አገር ሕግ የፊሊፒንስን ቋሚነት መስጠት ባይችሉ እንኳ የስድስት ወር ግምገማ፣ የአንድ ወር ቅድመ ማስጠንቀቂያና ሥራ ቢቀንስ የአንድ ወር ክፍያ በጽሑፍ ማስፈር ይችላሉ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ደግሞ ያነብቡታል፤ አንብበው ጥያቄ ያነሣሉ። ወላጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው ዱባይ፣ ሪያድ፣ ሆንግ ኮንግ ሠርተዋል። መንግሥታቸው ሰው ከመላኩ በፊት ኮንትራቱን ይመረምራል፣ ለተጓዡም ስለ መብቱ ትምህርት ይሰጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሉ ቤቶች ፊሊፒናዊቷ ከእኛ እህት የተሻለ ሲከፈላት ያዩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነገሩን የእንግሊዝኛ ችሎታ ያደርጉታል። የእንግሊዝኛው ድርሻ አይካድም፤ ነገር ግን ከጀርባው በ2006 የፊሊፒንስ መንግሥት ለቤት ሠራተኞቹ የቆረጠው የ400 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ አለ። ከዚያ በታች የሚል ኮንትራት እንዳይጸድቅ ተደረገ። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ «ደመወዝ 700 ዶላር፣ የሥራ ሰዓት እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል መልእክት ሲደርሰው «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን ቀድሞ ያያል።

የክፍያ ቀንን ባጭሩ ልንካው። ሕጋቸው ደመወዝ በወር ሁለት ጊዜ፣ ከ16 ቀን ባልበለጠ ልዩነት እንዲከፈል ያዝዛል። አገሩ በሙሉ ኑሮውን የሚያሰላው በ15ኛውና በ30ኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀኖች በባንክ ማሽኖቹ ፊት ሰልፉ ይረዝማል፣ የገበያ ማዕከሎቹ ይጨናነቃሉ፣ ወደ ገጠር የሚላከው ገንዘብ ይላካል። የጭነት ሥራ ገንዘቡ የሚዘገይበት ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጭነቱን የሚያገናኘው ደላላ፣ ብሮከሩ፣ በ30 ቀኑ ቢከፍል ደግ ነው። ያ ግን የእርስዎ ራስ ምታት እንጂ የዲስፓቸርዎ አይደለም። በወር አንድ ጊዜ የሚከፍሉ ከሆነ ለሁለት ይክፈሉት። ወጪዎ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ትልቅ ለውጥ ያያሉ።

አሁን እርስዎ እንደ ቀላል ወደ ጠቀሱት፣ እኔ ግን ከደመወዙ ወደማስበልጠው ነገር ልምጣ። ስሕተትን በጋራ መስመር ላይ መናገር።

ፊሊፒናውያን ይሉኝታ የበዛባቸው ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በሰው ፊት መዋረድ ምን እንደሆነ እናውቃለን። የሚለየው ምላሹ ነው። የእኛ ሰው ያኮርፋል፣ ወይም ይመልሳል፣ ሽማግሌም ይገባል። የሴቡው ልጅ «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ ይጽፋል፤ ከነገሩ በኋላ እንደ ወትሮው ትሑት ነው። እርስዎ ተማረ ብለው ያልፋሉ። እርሱ ግን በዚያው ሳምንት የሥራ ታሪኩን አድሶ ሌላ ቦታ ይልካል። ሲለቅ እውነተኛውን ምክንያት አይነግርዎትም፤ አሁንም እርስዎን ማሳፈር አይፈልግምና። «የቤተሰብ ጉዳይ» የሚለው በሩን በጨዋነት መዝጊያ ሊሆን ይችላል። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ከርቀት አይታወቅም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዲስፓቸሩ የማራገፊያ ቀጠሮውን በተሳሳተ ሰዓት መዘገበ እንበል፤ ሹፌሩ ኦክላሆማ ሲቲ መጋዘን በር ላይ አራት ሰዓት ቆመ። ሹፌሩ ይደውላል፣ እርስዎ ደምዎ ይፈላል። በጋራው መስመር ላይ «ይህን ስንት ጊዜ ልንገርህ?» ብለው ቢጽፉ ሦስቱም ያነብቡታል፤ ሹፌሮቹ ካሉበትማ ባሰ። በምትኩ ለብቻው ይደውሉለት። ከሰላምታ በኋላ «የትናንቱ ቀጠሮ ምን ላይ ተሳሳተ? አብረን እንየው» ይበሉ። ምናልባት የጠዋትና የከሰዓት ምልክቱን አላየው ይሆናል፤ ምናልባት ደግሞ በአራት መኪና ላይ የነበረ ልጅ አምስተኛ መኪና ተጨምሮበት ይሆናል። በማግሥቱ ስም ሳይጠሩ ለሁሉም «ከዛሬ ጀምሮ ቀጠሮ ስትመዘግቡ ሰዓቱን ለመጋዘኑ ደውላችሁ አረጋግጡ» ብለው ይጻፉ። ሁሉም ይማርበታል፤ ማንም አንገቱን አይደፋም። ምስጋናን ግን በጋራው መስመር ላይ ያድርጉት።

ከዚሁ ጋር አንድ ልማድ ይተዉ፤ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ። ቢገባውም ባይገባውም መልሱ «አዎ» ነው። «ብሮከሩ ዋጋ ቢቀንስብህ ምን ትለዋለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ መረዳቱና አለመረዳቱ ከመልሱ ይታያል።

ገጽ ፎቶ የሚያነሣውን ፕሮግራም በተመለከተ ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው የሕግ ነው። የፊሊፒንስ ፍርድ ቤቶች አንድ ሰው ሠራተኛ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ተቋራጭ የሚለውን ሲመረምሩ ማን እንደ መረጠው፣ ማን እንደሚከፍለው፣ ማን ሊያሰናብተው እንደሚችልና ከሁሉ በላይ የአሠራሩን መንገድ ማን እንደሚቆጣጠር ያያሉ። ሰዓቱን ወስነው፣ ገጹን በየደቂቃው እያነሡ «ተቋራጭ ነው» ማለት አያስኬድም፤ የአገሩን ጠበቃ ያማክሩ። ሁለተኛው የስሜት ነው። ልጆቹ ከቤት መሥራትን የሚወድዱት በከንቱ አይደለም። ቶምቶም የተባለው የመንገድ መረጃ ድርጅት ስለ 2023 ባወጣው መለኪያ ሜትሮ ማኒላ፣ ማለትም ዋና ከተማዋ ከነዙሪያዋ፣ ከነዙሪያቸው ከታዩት ታላላቅ ከተሞች ሁሉ ቀርፋፋዋ ነበረች፤ 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በአማካይ ከ25 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። ሴቡም ብትሆን ጠዋትና ማታ ጂፕኒ በሚሉት የሕዝብ ማመላለሻ ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩት ያው ነው። በ2022 መንግሥት የግብር ማበረታቻ የሚያገኙ የጥሪ ማዕከሎች ሠራተኞቻቸውን ወደ ቢሮ እንዲመልሱ ሲያዝዝ ብዙ ድርጅቶች ምዝገባቸውን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት አዛውረው ከቤት ማሠራታቸውን ቀጠሉ፤ ሠራተኛው አልመለስም ብሏቸዋልና። በኖቬምበር 2024 የወጣው ሕግ ደግሞ እነዚህ ድርጅቶች እስከ ግማሽ የሚሆነውን ሠራተኛ ከቤት እንዲያሠሩ ፈቀደ። እርስዎ ይህን ሁሉ ሰው የሚመኘውን ነገር ሙሉ በሙሉ በነጻ እየሰጡ ነው፤ በካሜራው ግን ጣዕሙን አጠፉት። የሚቆጥሩት ነገር ከፈለጉ የተያዘውን ጭነት፣ በማይል የተገኘውን ዋጋና ባዶ የተነዳውን ርቀት ይቁጠሩ።

ከቤት መሥራቱ ምን እንደሚመስል ደግሞ ይወቁት። ዳላስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሴቡ በበጋችሁ ወራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ልጅቷ ሥራ የምትጨርሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አውራ ዶሮዎቹ ጮኸዋል፣ እናቷ ሩዝ በነጭ ሽንኩርት እየጠበሰች ነው፣ ታናሾቿ ለትምህርት ቤት ይታጠባሉ። ቁርስ በልታ፣ መጋረጃውን ዘግታ ትተኛለች። በኤፕሪልና በሜይ ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያቀልጣል፤ ማቀዝቀዣ ካላበራች እንቅልፍ የለም፤ የፊሊፒንስ የመብራት ዋጋ ደግሞ ከአካባቢው አገሮች ከውዶቹ አንዱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጎረቤት የልደት ድግስ ካለው ካራኦኬው ይከፈታል። ለመብራትና ለኢንተርኔት ተብሎ በየወሩ የሚከፈል 2,000 ፔሶ ለእርስዎ 35 ዶላር ነው፤ ለእርሷ ግን አለቃዋ የቤቷን ሁኔታ እንደሚያውቅ ማሳያ ነው። ሩዝ ሰጥቶ ማበረታታትም የቆየ ልማድ ነው፤ በየወሩ አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ሩዝ ወይም በዋጋው የሚሰጥ ገንዘብ ከግብር ነጻ ከሆኑ ትናንሽ ጥቅማጥቅሞች መካከል በደንባቸው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

በዓል ስናነሣ እንደ እኛው አጥብቀው ይይዛሉ። ስቅለት፣ የሙታን መታሰቢያ የሚከበርበት ኖቬምበር 1፣ ሴቡ ከሆነ በጃንዋሪ ሦስተኛ እሑድ የሚውለው ሲኑሎግ። ልደትማ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ነው የሚዘፈንለት። 13ኛው ወር ደመወዝ እስከ ዲሴምበር 24 መከፈል ያለበትም ለዚህ ነው። እርስዎ በሕግ አይገደዱ ይሆናል፤ ሆኖም የውጭ አሠሪዎች ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ይከፍሉታል፣ ልጆቹም ያንን ያውቃሉ። 700 ዶላሩን ሳይነኩ ዓመቱን 13 ወር ቢያደርጉት ለሦስቱም በዓመት 2,100 ዶላር ነው። አንድ አዲስ ሰው እስኪለምድ ከሚያበላሸው ጭነት ጋር ያነጻጽሩት።

ከዚያ ደግሞ የሰማይና የምድር ቁጣ አለ። በዲሴምበር 16 ቀን 2021 ኦዴት የተባለው አውሎ ነፋስ ሴቡን ሲመታ ሰዉ ለሳምንታት መብራት አልነበረውም፤ ውኃ በወረፋ ነበር። በ2025 መገባደጃም በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሰሜን ሴቡን መጠኑ 6.9 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎም ደሴቲቱን ከባድ የአውሎ ነፋስ ጎርፍ መታት። በእንዲህ ያለ ቀን ከአሠሪው የሚመጣው የመጀመሪያ መልእክት «መቼ ትገባለህ?» ነው ወይስ «ቤተሰብህ ደኅና ነው?» ሠራተኞቹ ለዓመታት የሚያወሩት ያንን ነው። የጥቂት ቀን ክፍያ እንደማይቆረጥ ከአሁኑ በውሉ ያስገቡት፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ ቸርነት ሲለመን ይውላል።

ስለ እድገት ብዙ አልልም፤ በየትም አገር ያለ ወጣት የሚፈልገው ነውና። በፊሊፒንስ የሚለየው ፉክክሩ ነው። የጥሪ ማዕከልና መሰል የውጭ አገልግሎት ሥራው በ2024 ወደ 1.8 ሚሊዮን ሰው ቀጥሮ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ በሁለትና በሦስት ዓመት የቡድን መሪ መሆን እንደሚችል ከጓደኞቹ ያያል። ሦስት ሰው ባለው ድርጅት ውስጥ መሰላሉ አጭር ነው። የቀረዎትን ልጅ ግን «ዋና ዲስፓቸር» ብለው ሾመው፣ አዲሶቹን እንዲያሠለጥን ኃላፊነትና ጭማሪ ቢሰጡት ነገሩ ለስም ብቻ አይሆንም። ከሦስቱ የቀረ እርሱ ነውና ለምን እንደ ቀረም ይጠይቁት፤ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል፣ ካሜራው ጠፍቶ።

ደግሞም ሁሉንም ነገር አስተካክለው የሚለቅዎት ሰው ይኖራል። የነርስነት ዲግሪዋን ይዛ የካናዳ ወረቀቷን ስትጠብቅ እርስዎ ዘንድ የምትሠራን ልጅ በ100 ዶላር ጭማሪ አያቆዩአትም። እንደዚህ ያለችውን በደስታ ይሸኟት። ሰው በለቀቀ ጊዜ፣ ጠፍታ የቀረችውም ብትሆን፣ የሠራችበትን ክፍያ ሳይዙ ይላኩላት። በአገራቸው የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው መመሪያ የመጨረሻው ክፍያ በ30 ቀን፣ የሥራ ማስረጃው በተጠየቀ በ3 ቀን ይሰጣል። የለቀቀ ሠራተኛ ስለ እርስዎ የሚጽፈውን ቀጣዩ እጩ ከቃለ መጠይቁ በፊት አንብቦት ይመጣል፤ የአሠሪዎችን ስም የሚመረምሩባቸው የፌስቡክ ቡድኖች አሏቸው።

ገንዘብዎ የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በእርስዎ ምትክ ሕጋዊ አሠሪ ሆኖ መዋጮውንና ግብሩን የሚከፍል፣ የጤና ካርዱንም የሚያወጣ የፊሊፒንስ ድርጅት መያዝ ነው፤ በየሰዉ ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃል። ሁለተኛው አሁን ባለው ኮንትራት መቀጠልና ኤስ ኤስ ኤሱንና የጤና ካርዱን የሚሸፍን ገንዘብ ለይቶ መጨመር ነው። ሦስት ሰው ላለው ድርጅት ሁለተኛው ይበቃል ባይ ነኝ፤ ገንዘቡ ግን ከደመወዙ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋ ለየብቻ ተጽፎ ይከፈል፣ የመዋጮውንም ደረሰኝ ይጠይቁ።

አዲስ ማስታወቂያ ሲያወጡ ዕድሜ አይጥቀሱ፤ ከ2016 ጀምሮ ሕጋቸው በሥራ ማስታወቂያ ላይ የዕድሜ ገደብ ማስቀመጥን ይከለክላል። «ደመወዝ በስምምነት» ብለው አይጻፉ፤ ቁጥሩን ይጻፉ፣ በፔሶም ያድርጉት። የክፍያ ቀኖቹን፣ የጤና ካርዱ የሚጀምርበትን ቀን፣ የስድስት ወሩን ግምገማና 13ኛውን ወር ያካትቱ። የሥራ ሰዓቱን በዳላስ ሳይሆን በሴቡ ሰዓት ያስቀምጡት፤ ፊሊፒንስ ሰዓቷን ስለማትቀይር በክረምታችሁ መግቢያው ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት እንደሚሸጋገርም እዚያው ላይ ይግለጹ።